ዛፉ ለነጋዴ፣ ጉቶው ለገበሬ

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ባህር ዛፍ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ቆሞ ነው። ነጋዴው ማሳውን ዞሮ ያያል፣ ግንዱን በዓይኑ ይገምታል፣ ዋጋ ይነጋገራል፤ ከዚያም የራሱን ቆራጮች ይዞ ይመጣል። አጣናውና ማገሩ መኪና ላይ ተጭኖ ከሄደ በኋላ ማሳው ላይ የሚቀረው ጉቶ ነው። በሽያጩ ወቅት ስለ ጉቶ የሚያነሳ እምብዛም የለም። ገዥው አይፈልገውም፤ ሻጩም ብር በሚቆጥርበት ሰዓት አያስታውሰውም። የሚያስታውሰው ሞፈሩ ሲሰበር ነው።

ጉዳዩ ዛሬ መነሳቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በፋግታ ለኮማ፣ በባንጃና በአጎራባች ወረዳዎች የብዙ አርሶ አደር ኑሮ በዲከረንስ ላይ ቆይቷል። ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር በአንድ ማሳ ይበቅላል፣ ቀጥሎ በሥሩ ሣር ለከብት ይታጨድበታል፣ በአራትና በአምስት ዓመቱ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል፤ መሬቱም ተመልሶ ይታረሳል። ሥሩ ናይትሮጅን ለአፈር ይሰጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዲከረንስ ከተቆረጠ በኋላ እንደ ባህር ዛፍ አያቆጠቁጥም። ገበሬው ከዛፍ ወደ እህል፣ ከእህል ወደ ዛፍ ሲመላለስ ብዙ ያልተቸገረው በዚህ ነው።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት ግን ቅጠሉንና ቅርንጫፉን ዝገት የሚያስመስል የፈንገስ በሽታ ዲከረንሱን መታው። ተክሉ የደረቀበት ገበሬ አሁን ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ ወደ እህል መመለስ፣ ወይ ባህር ዛፍ መትከል። ባህር ዛፍ የሚመርጥ ሰው የሁለቱን ዛፎች ልዩነት ከመሬት በላይ ብቻ ካየ ሒሳቡ ይሳሳታል። ልዩነቱ ከመሬት በታች ነው።

ለስሌት ያህል ሩብ ሄክታር መሬት እንውሰድ። ችግኙ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ከተተከለ ማሳው 2 ሺህ 500 ዛፍ ይይዛል፤ ጠቅጥቆ የሚተክል ደግሞ ከዚያ በላይ። አንድ ጎልማሳ በቀን 10 ጉቶ ቆፍሮ ይነቅላል እንበል። 250 የሥራ ቀን ማለት ነው። አራት ሰው ቢሰማራ ከሁለት ወር በላይ ይፈጅበታል። ጉቶው የወፈረና ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ ያቆጠቆጠ ከሆነ በቀን 10 መንቀልም ከባድ ነው። ይህን በዳንግላ ወይም በእንጅባራ የቀን ሠራተኛ ዋጋ ያባዙትና ምሳውን ይጨምሩበት፤ ከዚያ ነጋዴው ከሰጠው ብር ጎን ያስቀምጡት። በደቦ ቢሠራም የጎረቤት ጉልበት ብድር ነው፤ ተራው ሲደርስ ይከፈላል።

በውጭ አገር ከተሞች በግቢው ያለውን ዛፍ የሚያስቆርጥ የቤት ባለቤት ብዙ ጊዜ ለቆረጣው አንድ ዋጋ፣ ለጉቶው ሌላ ዋጋ ይጠየቃል። ጉቶውን ከአፈሩ በታች ድረስ እየፈጨ ፍርፋሪ የሚያደርግ ማሽን አለ። ያ ማሽን ሺህ ጉቶ ላለበት የገበሬ ማሳ መፍትሔ ነው ማለት አይደለም። ሁለቱን ዋጋ የመለየቱ ልማድ ግን ለእኛም ይጠቅማል።

ባህር ዛፍን ማውገዝ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገር የገባው ይህ ዛፍ የስንቱን ቤት አቁሟል፣ የስንቱን ልጅ አስተምሯል። ደግሞም አንዴ ተተክሎ ሦስትና አራት ጊዜ ለሚሸጥ ሰው የጉቶው ወጪ በየሽያጩ ስለሚከፋፈል ይቀልለታል። የሚጎዳው አንዴ ሸጦ መሬቱን ለእህል የሚፈልገው ነው።

እንዲህ ያለው ገበሬ ውሳኔውን ማድረግ ያለበት መጋዝ ዛፉን ሳይነካ ነው። ለማቆጥቆጥ ከሆነ ግንዱ ወደ መሬት ዝቅ ተደርጎ፣ ውኃ እንዳይቋጥር ጋደል ብሎ ይቆረጣል። ለመንቀል ከሆነ ግን ዛፉ እንደቆመ ዙሪያው ተቆፍሮ የጎን ሥሮቹ ይቆረጡና በገመድ ይሳባል፤ የግንዱ ክብደት ራሱ ጉቶውን ገንጥሎ ያወጣዋል። ለዚህ ቤት፣ መንገድና የመብራት ሽቦ በአቅራቢያው መኖር የለበትም። የነጋዴው ቆራጮች ይህን አያደርጉም፤ የሚከፈላቸው ግንድ ጥለው ለመጫን ነውና ከጉልበታቸው ከፍ አድርገው ቆርጠው ይሄዳሉ። አጭር ጉቶ የቀረበት ሰው ገመድ የሚያስርበት እንኳ አያገኝም። መንቀል ያልቻለ ሰው ያለው አማራጭ ቡቃያውን በወጣ ቁጥር እየገነጠሉ ጉቶውን ማድከም ነው። ይህም ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አንድ ክረምት የዘነጋ እንደገና ይጀምራል።

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶችም ከዚህ ውጭ አይደሉም። በየክረምቱ የሚመዘገበው የተተከለ ችግኝ ቁጥር ነው። ገበሬው ችግኝ ሲወስድ ማሳው ወደ እህል ሲመለስ ስንት የሥራ ቀን እንደሚጠይቀው የሚነግረው ባለሙያ ቢኖር ምርጫው ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ባይሆንም አውቆ ይገባበታል። ከጉቶ በኋላ የሚቀረው አፈርም የራሱ ጣጣ አለው። የአዊ ደጋ መሬት ብዙው አሲዳማ ነው፤ ባህር ዛፍ የቆየበት ማሳ ደግሞ ኖራና ማዳበሪያ ሳያገኝ በመጀመሪያው ዓመት ጥሩ ምርት ይሰጣል ብሎ መጠበቅ ያስቸግራል።

የበለጠ የሚያሳስበው ጉልበት የሌለው ነው። ባሏ የሞተባት እናት ወይም ያረጀ አባወራ ቁም ዛፉን ሸጦ ሲያበቃ ጉቶውን የሚነቅልበት ክንድም፣ ለቀን ሠራተኛ የሚከፍለው ብርም ላይኖረው ይችላል። የሚቀርለት ጉቶውን ለሚነቅልለት ሰው መሬቱን ለጥቂት ዓመታት ያለ ድርሻ መልቀቅ ነው። ያ ማለት የጉቶው ዋጋ የሁለት ወይም የሦስት ዓመት እህል ሆነ ማለት ነው። የቁም ዛፍ ሽያጭ ውል በቀበሌ ደረጃ ሲጻፍ አንድ መስመር ቢጨመርበት፣ ማለትም ዛፉ በምን ያህል ከፍታ እንደሚቆረጥ፣ ጉቶውን ማን እንደሚያነሳና ገዥው ካላነሳ ከዋጋው ምን ያህል እንደሚጨምር ቢጻፍ፣ ሻጩ ቢያንስ ብሩን ከመቀበሉ በፊት የሚከራከርበት ነጥብ ያገኛል። ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ ከሚቀጥለው የበጋ ቆረጣ በፊት ቅጹን ማባዛት በቂ ነው።