ሐረር ያልደረሰውን ባቡር አብረን ወርደን እንየው



በማኅበራችን የመጨረሻ ስብሰባ ላይ ወደ ድሬዳዋ ወርደን የቀድሞውን ምድር ባቡር በቡድን እንጎብኝ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። «የዛገ ብረት ለማየት ሃምሳ ኪሎ ሜትር ምን ያስኬዳል?» ያሉ አሉ፤ ተሳቀም። እኛ በበኩላችን ነገሩን ለሳቅ የሚሆን አድርገን አላየነውም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ሥራ ሲፈቅዱ፣ ከጅቡቲ የሚነሳው መስመር መጀመሪያ እንዲደርስ የታሰበው ሐረር ነበር። ተራራው ግን አስቸገረ፣ ወጪውም ከበደ። ደንገጎን ሽቅብ የወጣ ሰው ምክንያቱን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያሻውም፤ ሚኒባሱ እንኳ ያቃስታል። ሃዲዱ ከተራራው ግርጌ ቀረ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡር የደረሰበት ሜዳም ድሬዳዋ ሆነ። መጀመሪያ የተሰጠው ስም «አዲስ ሐረር» ነበር። ስሙ የእኛ፣ ባቡሩ የእነሱ ሆኖ ቀረ ማለት ነው! በግመል ወደ ዘይላ ይወርድ የነበረው የሐረር ቡና ወደ ጣቢያው መውረድ ጀመረ፤ ነጋዴውም ቡናውን ተከትሎ ወረደ። የጀጎል ገበያ ለምን ቀዘቀዘ ብለው ልጆቻችን ቢጠይቁን፣ የመልሱ አንዱ ክፍል ያለው እዚያ ነው።

መስመሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ የጥገናው ማዕከል ድሬዳዋ ሆና ቀጠለች። በዚያ ጋራዥ ስንቱ ሰው ብረት መቅረጽና ሞተር መፍታት ተማረ። ዛሬ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ መንገደኛ ያመላልሳል፤ የድሮው ግን ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ መሥራት ካቆመ ቆይቷል።

ብረቱስ ይቆይ ይሆናል፤ ሰው ግን አይቆይም። በእኛው ዕድር ውስጥ ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ አባቶች አሉ። ባለፈው ክረምት አንዱን ቀበርን። የሎኮሞቲቩን ድምፅ ሰምተው ሕመሙን ይናገሩ ነበር ይባላል፤ ከልጆቻችን አንድም ቀርቦ የጠየቃቸው አልነበረም። እኛም ብንሆን አልጠየቅናቸውም።

ኤርትራ ውስጥ ከምጽዋ አስመራ የሚወጣው አሮጌ መስመር ከጦርነቱ በኋላ ሲጠገን ሥራውን የያዙት ከጡረታ የተጠሩ ሽማግሌዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ በእንፋሎት ባቡሩ ለመሳፈር ብቻ ከአውሮፓ ድረስ በቡድን የሚመጡ የባቡር ወዳጆች ተገኝተዋል። እኛ ጎረቤቱ ግን ሁለት ሰዓት ለማይሞላ መንገድ እንከራከራለን።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የዕድሩ ሣጥን አይነካም፤ ያ ለሐዘን የተቀመጠ ነው። ሁሉም የራሱን ይክፈል፤ የጡረተኞቹን ትራንስፖርትና ምሳ እኛ ተካፍለን እንቻል። ሽማግሌዎቹ ከፊት ይቀመጡ፣ ወጣቶቹ ደብተር ይያዙ። ብሎንም ሆነች ሚስማር ለመታሰቢያ ብሎ ኪሱ የሚከት ሰው አብሮን ባይመጣ እንመርጣለን። አንድ ጊዜ ሳናስፈቅድ ሄደን በር ላይ ቆመን መመለሳችንም አይረሳም፤ ጥፋቱ የራሳችን ነበር። አሁን ማመልከቻው አስቀድሞ ይጻፋል።

መሄድ የምትፈልጉ እስከ ዓርብ ማታ ለጸሐፊው ስም አስመዝግቡ። ቀኑ ፈቃዱ እንደተገኘ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።