ዕውቀቱን በነጻ፣ ዕቃውን ከሌላ

በጅቡቲ ከተማ የቆዩ የሙያ ሱቆች ስለ መዳከማቸው በተነሣ ቁጥር ሁለት ዓይነት ተናጋሪዎች ይደመጣሉ። አንደኛው ወገን በትዝታ ይተክዛል፤ ስለ ምኒልክ አደባባይ ባለቅስት በረንዳዎች፣ በጥላቸው ሥር በክንድ ይለካ ስለ ነበረው ጨርቅ ያወራል። ሁለተኛው ወገን «ዘመኑ ነው፤ ገበያ ራሱ ይፈርዳል» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። የሚያዝነውም የሚንቀውም ሳያውቁት የሚስማሙበት አንድ ነጥብ አለ፤ ይኸውም በዚህ ጉዳይ ጥፋተኛ የለም የሚለው ነው። ጥፋተኛ ግን አለ። እርሱም ሱፐርማርኬቱ አይደለም፤ የእጅ ስልኩም አይደለም። ከባለሱቁ ዕውቀቱን በነጻ ወስዶ ዕቃውን ከሌላ የሚገዛው ደንበኛ፣ ይህንንም እያየ ሥርዓት ያላበጀው የንግድ አስተዳደር፣ ጥፋቱን ለሁለት ይካፈሉታል።

የሙያ ሱቅ ሲባል ከመንደር ሱቅ መለየት ይገባል። የመንደሩ ሱቅ ከሁሉም ጥቂት ጥቂት ይይዛል፤ ዘይቱን በብርጭቆ፣ ስኳሩን በትንሽ ፌስታል ይሸጣል፤ ደመወዝ እስኪደርስም በዱቤ ይመዘግባል። እርሱ ገና በሕይወት አለ። የሙያ ሱቅ ግን አንድ ዓይነት ሸቀጥ ብቻ ይዞ ስለዚያ ሸቀጥ ከማንም በላይ የሚያውቅ ነው። ጨርቅ ሻጩ፣ ቅመም ሻጩ፣ ሰዓት ጠጋኙ፣ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴው፣ መጽሐፍ ሻጩ እዚህ ይመደባሉ። እነዚህ ሰዎች በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይሸጣሉ፤ አንዱ ዕቃ ነው፣ ሁለተኛው ዳኝነት ነው። የዕቃው ዋጋ ይታወቃል፤ የዳኝነቱ ዋጋ ግን በዕቃው ዋጋ ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል። የችግሩ ሁሉ ምንጭ ይህ ነው። ዋጋው ለብቻው ያልተጻፈ ነገር እንደ ስጦታ ይቆጠራልና።

ጅቡቲ ይህን ጉዳይ እንደ ተራ ነገር ልታልፈው የማይገባት ከተማ ናት። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1888 ሲቈረቊሯት ለእርሻ ወይም ለማዕድን ብለው አይደለም፤ ለወደብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 የባቡር ሐዲዱ አዲስ አበባ ሲደርስ ከተማይቱ ለኢትዮጵያ ገበያ ደጃፍ ሆነች። የየመን፣ የሕንድ፣ የግሪክና የአርመን ነጋዴዎች በዚያው መስመር ተመላልሰዋል። በኢትዮጵያ ከተሞች «የአረብ ሱቅ» እየተባለ የሚታወሰው የንግድ ባህል የዚሁ የባሕሩና የሐዲዱ ዘመን ዘመድ ነው። እነዚያ ነጋዴዎች ከመርከብ የሚያወርዱት ሸቀጥ ብቻ አልነበረም። የትኛው ጨርቅ በስንተኛው እጥበት እንደሚለቅ፣ የትኛው ቅመም የባሕሩን እርጥበት እንደማይችል ለልጆቻቸውና ለሠራተኞቻቸው ያስተምሩ ነበር። ሱቁ ትምህርት ቤት ነበር ማለት ማጋነን አይደለም።

አንድ ምሳሌ ነገሩን ያፍታታዋል። የፋሲካ ወይም የጥምቀት በዓል ሲቃረብ በጅቡቲ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች የሀበሻ ልብስ መፈለጋቸው አይቀርም። በስልክ መስኮት ላይ ሁለት ቀሚስ ጎን ለጎን ቢታይ ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም ባለ ጥለት ናቸው። አንደኛው ሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን አስገብቶ በእጁ የሠራው ነው፤ ሁለተኛው በቻይና ፋብሪካ ጥለቱ የታተመበት ነው። ፎቶግራፍ ይህን ልዩነት አይናገርም። የሚናገረው የሸማ ነጋዴው ጣት ነው። ጨርቁን ገልብጦ ያያል፤ የጥለቱ ክር በጀርባው መኖሩን ይፈትሻል፤ ፈትሉ የእጅ መሆኑንና አለመሆኑን በመዳሰስ ይለያል። ይህን ለመለየት ዓመታት ፈጅቶበታል። ደንበኛዋ መጥታ ትጠይቀዋለች፤ እርሱም ያስረዳታል። ከዚያም «አስቤ እመለሳለሁ» ብላ ትወጣና በስልኳ ያየችውን ርካሹን ታዛለች። ሲመጣ ከሁለት እጥበት በኋላ ጥለቱ ይደበዝዛል። ያን ጊዜ የምትከሰው ሰው የላትም፤ ሻጩ ፎቶግራፍ ነበረና። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚለው አባባል ለዚህ የተነገረ ይመስላል። ገደሉ ውስጥ የገባችው ግን እርሷ ብቻ አይደለችም። ሽሮ ሜዳ ተቀምጦ የሚሸምነው ሰውም አብሯት ገብቷል፤ ሥራውን ከአስመሳዩ ለይቶ የሚያስረዳለት ነጋዴ ሲጠፋ የእጁ ዋጋም ይጠፋልና።

በቅመም ንግድም ነገሩ ያው ነው። በርበሬ ከሸክላ አፈር፣ ቅቤ ከሌላ ስብ ጋር እየተቀላቀለ መሸጡ በኢትዮጵያ ገበያ የተለመደ ስሞታ ሆኗል። የታሸገ ከረጢት ላይ የተለጠፈ ወረቀት ይህን አይመሰክርም። የሚመሰክረው ኮረሪማውን ሰብሮ የሚያሸት፣ እርዱን በጣቱ የሚያሽ፣ ከማን እንደ ገዛው የሚያውቅና ነገ በዚያው በር ላይ የሚገኝ ሰው ነው። ታማኝነት አድራሻ ይፈልጋል።

ተቃዋሚዎች ሦስት መልስ አላቸው፤ ሦስቱም ሊሰሙ ይገባቸዋል። የመጀመሪያው የዋጋ ጉዳይ ነው። በጅቡቲ ኑሮ ውድ ነው፤ ደመወዝተኛ የሚያድናት እያንዳንዷ ፍራንክ ለልጁ ትሄዳለች። ይህ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የዋጋው ልዩነት ከየት እንደ መጣ መጠየቅ ያስፈልጋል። ባለሱቁ ኪራይ ይከፍላል፤ ፓታንት የሚባለውን የንግድ ግብር ይከፍላል፤ የመብራት ሒሳብ ይከፍላል። ከቤቱ ሆኖ በስልክ ከዱባይ ዕቃ እያስመጣ የሚሸጠው ሰው ከእነዚህ ብዙዎቹ የሉበትም። ስለዚህ ውድድሩ በጎበዝና በሰነፍ ነጋዴ መካከል አይደለም፤ ሸክም በያዘና ባልያዘ መካከል ነው።

ሁለተኛው መልስ የምቾት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ፣ ኻምሲን ሲነፍስ፣ እንደ ባዋዲ ሞል ያለ ቀዝቃዛ አዳራሽ መግባት ነፍስ ይዘራል። ማንም በዚህ ሊወቀስ አይገባም። ነገር ግን ቀዝቃዛ አየር ዕውቀትን አይተካም። ሱፐርማርኬት ዕቃ ደርድሮ ያሳያል እንጂ አይመክርም፤ አሠራሩም ከመነሻው እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1916 ክላረንስ ሶንደርስ የተባለ አሜሪካዊ በሜምፊስ ከተማ ፒግሊ ዊግሊ የተባለውን ሱቅ ሲከፍት አዲስ ያደረገው ነገር ከባንኮኒ ጀርባ ቆሞ ዕቃ የሚያቀብለውን ሰው ማስወገዱ ነበር። ደንበኛው ራሱ ያነሣል፤ ራሱ ይመርጣል፤ ዋጋውም ይቀንሳል። ለሳሙናና ለፓስታ ይህ ድንቅ ዘዴ ነው። ምርጫው ዳኝነት በሚሻበት ዕቃ ላይ ግን የተቀነሰው ዋጋ የተቀነሰው ሰው ዋጋ መሆኑን መርሳት ራስን ማታለል ነው።

ሦስተኛው መልስ ገበያን መንካት ነውር ነው የሚለው ነው። ይህ ክርክር በተለይ የፈረንሳይን ሕግና ቋንቋ በወረሰች ከተማ ሲነገር ያስገርማል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1981፣ የባህል ሚኒስትሩ በዣክ ላንግ ዘመን፣ የመጽሐፍን ዋጋ አሳታሚው እንዲወስን፣ ሻጩም ከ5 በመቶ በላይ እንዳይቀንስ በሕግ ደነገገች። ትልቁ መደብር ትንሹን በዋጋ እንዳያንቅ ማለት ነው። የኢንተርኔት ንግድ ሲመጣ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ያንን ቅናሽ ከነጻ ማድረሻ ጋር አጣምሮ መስጠትን ከለከለች። ትልልቆቹ ነጋዴዎች የማድረሻውን ክፍያ 1 ሳንቲም ብቻ አድርገው ሕጉን ዘለሉት። ከብዙ ክርክር በኋላ፣ ከእ.ኤ.አ. ጥቅምት 2023 ጀምሮ፣ ከ35 ዩሮ በታች ለሆነ የመጽሐፍ ትእዛዝ ቢያንስ 3 ዩሮ የማድረሻ ክፍያ ግዴታ ሆነ። ብሪታንያ በተቃራኒው ቋሚውን የመጽሐፍ ዋጋ በ1990ዎቹ ተወችው። ከዚያ በኋላ በግል የሚተዳደሩት የመጻሕፍት መደብሮች ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1995 ከነበረበት 1,894 በ2016 ወደ 867 ወረደ። በኋላ ተነሥተው ከ1,000 በላይ መሆናቸው አንባቢ ሲፈልጋቸው መኖር እንደሚችሉ ያስረዳል። ለመውደቃቸው ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ሕግ ምንም አያደርግም ማለት ግን ከዚያ የባሰ ስሕተት ነው።

መጽሐፍ ከተነሣ ዘንድ የአማርኛ አንባቢው ራሱ ከወቀሳው አያመልጥም። በሱፐርማርኬት ላይ የሚያማርረው ሰው በስልኩ ውስጥ ከቴሌግራም ያወረዳቸው የአማርኛ መጻሕፍት ፒዲኤፍ ተከማችተው ይገኛሉ። ደራሲው አልተከፈለም፤ አሳታሚው አልተከፈለም፤ መጽሐፍ ሻጩም አልተከፈለም። ከዚያ በኋላ «በጅቡቲ የአማርኛ መጽሐፍ የሚሸጥበት ቦታ ለምን የለም?» ብሎ መጠየቅ የዘጉትን በር ለምን አይከፈትም ብሎ ማንኳኳት ነው። በስደትና በሥራ ምክንያት ከአገሩ ርቆ ለሚኖር ሕዝብ መጽሐፍ ሻጭ ከነጋዴነት ያለፈ ነው። ምን እንደ ታተመ የሚነግር፣ ለልጅ የሚሆነውን ለይቶ የሚሰጥ ሰው ነው። እርሱ ሲጠፋ ልጁ ፊደሉን የሚለምድበት አንድ ምክንያት አብሮ ይጠፋል።

የአዲስ አበባ ሁኔታም ማስጠንቀቂያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የፒያሳ ነባር ሕንጻዎች በመልሶ ግንባታ ሥራ ሲፈርሱ በውስጣቸው የነበሩ ሱቆች ተበተኑ። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ መንግሥት ለዘመናት ለዜጎች ተከልሎ የቆየውን የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብቶች ከፈተ። እዚያ የሆነው በዐይን የሚታይ ነው፤ ማሽን አለ፣ አዋጅ አለ፣ ቀን አለው። በጅቡቲ ግን ማሽንም አዋጅም አልመጣም። የሚመጣው «አስቤ እመለሳለሁ» ብሎ የማይመለስ ደንበኛ ነው። ጩኸት የሌለው መፍረስ የሚያስቈጣው ሰው ስለሌለ ይፋጠናል።

«የሙያ ሱቅ በዚህ ዘመን ሊኖር አይችልም» ለሚሉም መልሱ በየቀኑ በከተማዋ መንገዶች ላይ ተቀምጧል። በቀትር ጊዜ ከኢትዮጵያ ጫት ሲገባ ሴቶቹ ነጋዴዎች በጠረጴዛቸው ዙሪያ ይሰለፋሉ። ቅጠሉን በመልክ ይለያሉ፤ የደንበኛቸውን ምርጫ ያውቃሉ፤ ለሚያምኑት በዱቤ ይሰጣሉ። ይህን ንግድ ሱፐርማርኬት አልወሰደባቸውም፤ ስልክም አላሸነፋቸውም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በዚህ ሸቀጥ ላይ ደንበኛው ለዳኝነት ለመክፈል ፈቃደኛ ነው፤ የሚያውቀውን ሰው በርካሽ አይለውጥም። ለቅጠል ያልተነፈገው ክብር ለጨርቅ፣ ለቅመምና ለመጽሐፍ ስለ ምን ተነፈገ?

ባለሱቆችም ንጹሓን ናቸው ማለት አይደለም። ዋጋን እንደ ሰው ፊት የሚለዋውጥ፣ ደረሰኝ የሚነፍግ፣ የተበላሸ ዕቃ ሲመለስለት የሚያኰርፍ ነጋዴ ደንበኛውን በገዛ እጁ ወደ ሱፐርማርኬት ሸኝቷል። ስለዚህ የሚጠበቀው ከሦስቱም ወገን ነው። ባለሱቁ ዋጋውን በግልጽ ይለጥፍ፤ ለሸጠው ዕቃ በጽሑፍ ዋስትና ይስጥ፤ ሠራተኛውንም ሙያውን ያስተምር። ስልኩንም እንደ ጠላት አይሽሸው፤ የደረሰለትን ዕቃ ለደንበኛው ያሳይበት። ምክር ብቻ ለሚፈልግ የምክር ዋጋ ቢጠይቅም ነውር የለበትም። የንግድ ምክር ቤቱና የከተማው አስተዳደር ደግሞ በስልክ የሚሸጠውን መዝግበው እንደ ባለሱቁ ግብር ያስከፍሉት፤ በነባሩ የገበያ ማዕከል ሙያተኛ ይዞ ለሚሠራ ሱቅ የፓታንቱን ጫና ያቅልሉለት። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ ሚዛኑን ማስተካከል ነው።

ደንበኛው ግን ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ የለበትም። ለእርሱ አንዲት ደንብ ትበቃዋለች፤ ምክር ከወሰደበት ይግዛ። ሳሙናውን ከሱፐርማርኬት፣ ፓስታውን ከፈለገበት ያምጣ። የሰው ዐይንና ጣት የመረጠለትን ግን ከመረጠለት ሰው ይውሰድ። የማይገዛ ከሆነም የሌላውን ጊዜ አይዝረፍ። ዕውቀትን ወስዶ ዋጋውን አለመክፈል በየትኛውም ቋንቋ ስም አለው፤ በአማርኛ ስርቆት ይባላል።