«ሰይጣናዊ ነው» ብሎ መገላገል አይቻልም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ውድ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች፣ የተወደዳችሁ ምእመናን፣ የፋንታሲ ፊልሞች ነገር ሲነሣ ከመካከላችን አንዱ «ሁሉም የአጋንንት ሥራ ነው» ይላል፤ ሌላው «መዝናኛ ነው፤ ምን ታካብዳላችሁ?» ብሎ ያልፋል። የፊተኛው ሳያይ ይፈርዳል፤ የኋለኛውም ያየውን አይመረምርም።

አስቀድመን እውነቱን እንመስክር። ከእነዚህ ፊልሞች ብዙዎቹ ውብ ናቸው። «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ከ2001 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. በሦስት ክፍል ወጥቶ የመጨረሻው ክፍል ብቻ 11 የኦስካር ሽልማት ወስዷል። የልብስ ሰፊው፣ የብረት ቀጥቃጩና የሠዓሊው ድካም በእያንዳንዱ ትዕይንት ይታያል። ዘንዶ ያለበትን ሁሉ ሰይጣናዊ የሚል ሰው ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ በተሣለበት የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥር ቆሞ ቀና ብሎ አላየም ማለት ነው።

የታሪኩ ደራሲ ቶልኪን አጥባቂ ካቶሊክ ነበር። ተረትን «ከእውነት መሸሻ ነው» ለሚሉት ሲመልስ፣ ከወህኒ ለማምለጥ የሚሻ እስረኛና ከጦር ሜዳ የሚከዳ ወታደር አንድ አይደሉም ብሎ ተሟግቷል። ክርክሩ ጠንካራ ነው፤ በተለይ ለእኛ። በክልላችን ጦርነት ሆኖ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ኢንተርኔት ተቋርጦ ሳለ፣ በሚሞሪ ያስጫነውን ፊልም በስልኩ እያየ የሚያነጋውን ወጣት «ለምን ሸሸህ?» ብሎ መዝለፍ ቀላል ነው። ከምን እንደ ሸሸ የጠየቀው ግን ማን ነው?

ነገር ግን ከወህኒ ያመለጠ እስረኛ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ፊልሙ ወዴት ይወስዳችኋል? በ2009 እ.ኤ.አ. «አቫታር» በወጣ ጊዜ አንዳንድ ተመልካቾች በፓንዶራ መኖር ባለመቻላቸው ኀዘን እንደ ወደቀባቸው፣ የገዛ ዓለማቸውም እንደ ደበዘዘባቸው ተናግረዋል። እነዚህን ሰዎች የማረካቸው ጫካ፣ ፏፏቴና ተራራ መሆኑን አስተውሉ። (በኮምፒውተር ለተሠራ ገደል የምንደነቅ እኛ የስሜንን ገደል የፈጠረውን ስንት ጊዜ አመስግነናል?) ፊልሙ የውበት ረኀባቸውን ቀሰቀሰ እንጂ አላጠገበም።

«ምናኔስ ሽሽት አይደለምን?» የሚል አይጠፋም። አይደለም። የዋልድባ መነኮሳት ዓለምን ትተው ሲወጡ ወደ ሥራ ነው የወጡት፤ ቋርፍ እየበሉ፣ እየሰገዱ፣ ትተውት ስለ ወጡት ዓለም ሌሊቱን ሙሉ ይማልዳሉ። ፊልም ሲያይ ያደረ ሰው ስለ ማን ማለደ?

ልዩነቱ በዓይን የሚታይበት ስፍራ ጎንደር ላይ አለ። አድያም ሰገድ ኢያሱ የመሠረቱት ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥሉ የተረፈው፣ ጣሪያው በክንፋሞች መላእክት ፊት ተሞልቷል። ዓይኖቻቸው ወደ ታች ያያሉ። ፊልም ስናይ እኛ በጨለማ ተቀምጠን ተመልካቾች ብቻ ነን፤ ማንም አያየንም፣ የሚጠይቀንም የለም። ከዚያ ጣሪያ ሥር ግን የምንታየው እኛው ነን። የአገራችን ሠዓሊ ደግሞ ጻድቁን በሁለት ዓይኑ፣ ኃጥኡን በአንድ ዓይኑ ብቻ በጎን ይሥላል፤ ማን ከማን ወገን እንደ ሆነ ለሕፃን እንኳ ግልጽ ነው። ዛሬ ብዙ ፊልሞች ክፉውን ከደጉ አስውበው ያቀርባሉ፤ መመርመር ያለብንም ይህን እንጂ የዘንዶውን ክንፍ አይደለም።

እናንተ ወላጆችና መምህራን ሆይ፣ ስልኩን ከመንጠቃችሁ በፊት መልሱልኝ። ትክል ድንጋይ ላይ ያደገ ልጅ የፓንዶራን ፍጥረታት በስም ሲጠራ እንሰማለን። ጎንደር ቅርባችን ነው። ያንን ልጅ ይዘነው ሄደን፣ ከዚያ ጣሪያ ሥር አቁመን፣ እያንዳንዱ ሥዕል ምን እንደሚል የነገርነው መቼ ነው?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።