መድኀኒቱ ረክሶ መንገዱ ተወደደ

ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው የባሕር ዛፉን ጥላና ቁልቁል የሚታየውን ከተማ እያደነቀ ይሄዳል። እኛም ብዙ ጊዜ እንደዚሁ አድርገናል። ጥናት ሲሰለቸን፣ ፈተና ሲያልቅ፣ ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣብን መዝናኛችን እንጦጦ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም መኾኑንም በታሪክ ትምህርት ተምረን በፈተና ወረቀት ላይ ጽፈናል። ነገር ግን በዚያው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ጋቢውን ተከናንቦ ጠበል የሚጠብቀው ሕዝብ ከየት መጣ? በምን ይኖራል? ማንን ይዞ መጣ? ብለን የጠየቅን ስንቶቻችን ነን?

እኛ ራሳችን የጠየቅነው ችግሩ በራችን ላይ ሲደርስ ነው። ባለፈው ዓመት ከፋኩልቲያችን አንድ ወንድማችን በትምህርቱ አጋማሽ ከክፍል ጠፋ። ከመጥፋቱ በፊት ሌሊት አይተኛም ነበር፤ ሰዎች ይከታተሉኛል ይል ነበር፤ እኛም «ንባብ አዞረበት» እያልን ሣቅን። በኋላ ዘመዶቹ መጥተው ወሰዱት። እንጦጦ ማርያም ጠበል ላይ መኾኑን የሰማነው ከብዙ ጊዜ በኋላ ስለ ኾነ፣ አራት ኾነን በወሩ የማርያም ቀን ልንጠይቀው ወጣን። ስለ እርሱ ብዙ አንጽፍም፤ የራሱ ጉዳይ ነው። ልንጽፍ የተነሣነው እርሱ ካረፈበት ቤት በጎረቤት ክፍል ስላገኘናቸው አንዲት እናት ነው።

እኚህ እናት የመጡት ከሰሜን ሸዋ ገጠር ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የሚኾነው ልጃቸው ከበሩ ሥር ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። በእጁ አንጓ ላይ የገመድ ጠባሳ አለ። «ለመኾኑ እናታችን፣ ልጁን ሐኪም አይቶት ያውቃል?» ብለን ጠየቅናቸው። የጠየቅንበት ድምፅ የተማረ ሰው ያልተማረውን የሚመረምርበት ድምፅ እንደ ነበረ አሁን ሲታወሰን ያሳፍረናል።

«አይቶታል እንጂ ልጆቼ፤ እንዴት አያየውም» አሉን። ልጃቸው እንቅልፍ አጥቶ፣ ልብሱን ቀድዶ፣ ወደ ገደል ሲሮጥ ጎረቤት ተባብሮ አሰረው። አንድ መምህር መክሯቸው ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ጤና ጣቢያው የሪፈር ወረቀት ጽፎ ወደ ሆስፒታል ላካቸው። ሆስፒታሉ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ሐኪሙ መድኀኒት ሰጥቶ «በወሩ መልሱት» አለ። መድኀኒቱም ሠራ፤ ልጁ ተኛ፤ እህል ቀመሰ፤ ሞፈር ጨበጠ። «ልጄ ተመለሰልኝ ብዬ ዘመድ ጠርቼ ጠላ አጠጣሁ» አሉን።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሲነግሩን በጣታቸው እየቈጠሩ ነበር። በሁለተኛው ወር በግ ተሸጠ። በሦስተኛው ወር ሌላ በግ ተሸጠ። በአራተኛው ወር ወይፈን ተሸጠ። የጤና መድኅን አባል ስለ ኾኑ ለሐኪሙ አልከፈሉም፤ ነገር ግን የሁለት ሰው የመኪና፣ የሁለት ሰው ማደሪያ፣ የሁለት ሰው ምግብ የሚከፍል መድኅን የለም። አንድ ጊዜም ከዚያ ሁሉ መንገድ በኋላ መድኀኒቱ አልቋልና ከውጭ ግዙ ተባሉ። በአምስተኛው ወር አጨዳ ደረሰ። ልጁን ይዞ የሚሄድ ሰው ጠፋ፤ መድኀኒቱ አለቀ፤ ሕመሙም ተመለሰ። «መድኀኒቱስ ርካሽ ነበር፤ የተወደደብኝ መንገዱ ነው። እዚህ ስመጣ ግን ማንም ወረቀት አምጪ አላለኝም» አሉን።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ነገር ይኸው ነው። በመካከላችን የተለመደ አንድ አነጋገር አለ፤ «ሕዝቡ ስላልተማረ ከሐኪም ይልቅ ጠበል ይመርጣል» ይባላል። እኛም እስከዚያ ቀን ድረስ ይህንኑ ስንል ነበር። ነገር ግን እኚህ እናት መቼ መረጡ? ሐኪሙን አልናቁም፤ በጎቻቸውንና ወይፈናቸውን አሳልፈው እስኪጨርሱ ድረስ ተከትለውታል። ሐኪሙ ባለበት ቀረ እንጂ እርሳቸው አልቀሩም። የጠበሉ ቦታ ያለ ወረቀት፣ ያለ ቀጠሮ፣ ያለ ሪፈር ይቀበላል። ያበደውን ሰው «ሰው» ብሎ፣ ስሙን ጠርቶ፣ ከሌላው ጋር አሰልፎ ያጠምቃል። ይህን የሚያደርግ ሌላ በር በአገራችን ስንት አለ?

ይህ የአንዲት እናት ታሪክ ብቻ አይደለም። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በቡታጅራ አካባቢ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የኾኑ ከ68,000 በላይ ሰዎችን ቤት ለቤት ጠይቀው ነበር። ስኪዞፍሬንያ የተባለው ጽኑ የአእምሮ ሕመም ከተገኘባቸው መካከል ለዚህ ሕመም የሚኾን መድኀኒት ወስዶ የሚያውቀው ከአሥሩ አንድ እንኳ አልሞላም። በሶዶ ወረዳ በተደረገ ሌላ ጥናትም ቤተሰብ በሽተኛውን በሰንሰለትና በገመድ የሚያስረው ከጭካኔ የተነሣ ሳይኾን፣ ሊከፍለው የሚችለው ሕክምና በአጠገቡ ስለሚያጣ መኾኑ ተገልጿል። ስለዚህም ያ በልጁ አንጓ ላይ ያየነው ጠባሳ የድንቍርና ምልክት አይደለም፤ የርቀት ምልክት ነው።

ርቀቱ እንዴት እንደ ተፈጠረ ማወቅም ይገባል። በመርካቶ አቅራቢያ የሚገኘው የአማኑኤል ሆስፒታል ሥራ የጀመረው በጣሊያን ወረራ ዘመን ሲኾን፣ ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት የመላው አገሪቱ የአእምሮ ሆስፒታል እርሱ ብቻ ነበር። የአእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊስትነት በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረውም በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚያ በፊት ትምህርቱን የፈለገ ባሕር ይሻገር ነበር። በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ደግሞ ለአእምሮ ሕክምና ማስፋፊያ ተብሎ የታሰበ ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲገባ ግን የዚያ በሽታ ማከሚያ ኾነ። የኮቪድ በሽተኛ መታከሙን የሚነቅፍ የለም። ዛሬም ሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምናን ጨምሮ ጠቅላላ አገልግሎት ይሰጣል። ነገር ግን ሕንፃው ሁሉ በአዲስ አበባ ሲሠራ፣ አብዛኛው ሕዝብ ደግሞ በገጠር ሲኖር፣ በመካከሉ ያለውን መንገድ በበጉና በወይፈኑ የሚሞላው ገበሬው ነው።

መንግሥት ይህን ጨርሶ አላየም ማለት ሐሰት ይኾናል። የአእምሮ ሕክምና በየጤና ጣቢያው እንዲሰጥ የሚያዝ ብሔራዊ ዕቅድ በ2005 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ከዚያም በኋላ ሌላ ተተክቶበታል። የዓለም ጤና ድርጅትም ስፔሻሊስት ያልኾነ የጤና ባለሙያ እነዚህን ሕመሞች ማከም የሚችልበትን መመሪያ አዘጋጅቶ፣ በአገራችን በርካታ ነርሶችና የጤና መኰንኖች ሠልጥነውበታል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅንም በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተጀምሮ እየሰፋ ሄዷል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ይሁን እንጂ የሠለጠነው ነርስ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር ሥልጠናው አብሮት ይሄዳል፤ ነርሱ ቢኖር መድኀኒቱ ያልቃል፤ ሁለቱም ቢኖሩ በሽተኛው ሰው እንዳለ የሚያውቅለት የለም። ዕቅዱ በወረቀት ላይ ጤነኛ ኾኖ ሳለ ሥራው በመንገድ ላይ ይታመማል።

አንዳንድ ወንድሞቻችን በዚህ ላይ ይቃወሙናል። «እናንተ ጠበልን ታወድሳላችሁ፤ ጠበል ሲሉ መድኀኒታቸውን ጥለው የባሱ የሉምን?» ይላሉ። አሉ። ይህን አንሸፍንም። መድኀኒት በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ ሕመሙ በርትቶ እንደሚመለስ እናውቃለን፤ በሰንሰለት ታስሮ መክረምም ክፉ ነገር ነው። በ1993 ዓ.ም. ክረምት በሕንድ አገር ኤርዋዲ በተባለች የመስጊድ ከተማ ፈውስ ፍለጋ መጥተው በሰንሰለት ታስረው የነበሩ 28 የአእምሮ ሕሙማን ቤቱ በእሳት ሲያያዝ ማምለጥ አቅቷቸው ሞቱ። ግን መድኀኒቱ ምንድን ነው? ቦታውን መዝጋት ነውን? በዚያው በሕንድ፣ በጉጃራት ክፍለ አገር፣ ሐኪሞች ከአንድ የታወቀ የጸሎት ቦታ አገልጋዮች ጋር ተስማምተው «መድኀኒትና ጸሎት» የተባለ ሥራ ጀመሩ፤ ሕዝቡ ወዳለበት ሄዱ እንጂ ሕዝቡን ከእምነቱ አላባረሩትም።

ለእኛም ነገሩ እንግዳ አይደለም። ኤች አይ ቪ በበረታበት ዘመን ይኸው እንጦጦ በጠበልተኛ ተሞልቶ ነበር። መድኀኒት መውሰድ እምነት ማጣት ነው የሚል ወሬም ተነዝቶ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኀኒቱም አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በአደባባይ ተናገሩ። አንድ አባት የተናገሩት ቃል ብዙ ፖስተር ሊሠራው ያልቻለውን ሥራ ሠራ። በአእምሮ ሕመም ረገድም በአዲስ አበባ ሐኪሞችና የጠበል አባቶች አብረው ሕሙማንን የረዱበት ሥራ ተሞክሮ፣ ውጤቱም በ2013 ዓ.ም. በሐኪሞች መጽሔት ታትሟል። እንግዲያስ የሚጐድለው ማስረጃ አይደለም፤ በየቦታው ይህን ማድረግ ነው።

ስለዚህ ሐሳባችንን በአጭሩ እናቀርባለን። አንደኛ፣ መድኀኒቱ ወደ በሽተኛው ይሂድ። በወር አንድ ጊዜ የሚወጋ መርፌና የሚዋጥ ክኒን በየጤና ጣቢያው እንዳይታጣ ይደረግ። የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየቀበሌው ያሉት እኅቶቻችን ክትባት ያመለጠውን ሕፃን ከቤቱ ድረስ ሄደው እንደሚያገኙት ሁሉ፣ ቀጠሮ ያመለጠውንም በሽተኛ እንዲጠይቁ ይታዘዙ፤ ይታገዙም። ሁለተኛ፣ የጤና መድኅን የጽኑ አእምሮ ሕሙማንንና የአስታማሚያቸውን መጓጓዣ ይቍጠር፤ መጓጓዣው ያልተከፈለለት ሕክምና ለድኻ ነጻ ሕክምና አይደለምና። ሦስተኛ፣ በእንጦጦም ኾነ በሌላው የጠበል ቦታ ከአባቶች ጋር በመከባበር የሚሠራ ነርስ ይኑር፤ ጠዋት የተጠመቀው ሰው ከሰዓት በኋላ መድኀኒቱን ከዚያው ያግኝ።

ይህን ሁሉ ለመንግሥትና ለቤተ ክህነት ብቻ ትተን እጃችንን አንታጠብም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ታላላቆቻችን አንድ ዓመት ሙሉ ገጠር ወርደው ያስተምሩ ነበር። ያ ሥርዐት ዛሬ የለም፤ ክረምት ግን አለ። ለእረፍት ወደየአገራችን ስንገባ እያንዳንዳችን በወረዳችን ጤና ጣቢያ ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ፤ ለአእምሮ ሕመም የሠለጠነ ሰው አለን? መድኀኒቱ ዛሬ በመደርደሪያው ላይ አለን? ከዚህ ወደ ሆስፒታል ደርሶ ለመመለስ አንድ በሽተኛና አንድ አስታማሚ ስንት ብር ያወጣሉ? መልሱን ጽፈን በመስከረም ለማኅበራችን እናስረክብ፤ ይህችም መጽሔት ወረዳ በወረዳ ታውጣው። ሚኒስትሩም ኾነ የወረዳው ሹም በዚህ ላይ የሚሰጠውን መልስ ማየት እንፈልጋለን።

ከሁሉ በፊት ግን በገዛ ማደሪያችን እንጀምር። በወባ የታመመ ጓደኛችንን ተሸክመን ወደ ክሊኒክ እንወስዳለን፤ እንቅልፍ ባጣው ላይ ግን እንሥቃለን። በሽታውን የደበቀ መድኀኒት የለውም ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን እንዲደብቀው ያደረገው የማን ሣቅ ነው?

በዚያ ቀን ከእንጦጦ ልንወርድ ስንል ወንድማችን እስከ ባሕር ዛፉ ድረስ ሸኘን። አሁን መድኀኒትም ጀምሯል፤ ይህን ያህል እንድንጽፍም ፈቅዶልናል። ስለ ሕመሙ አልጠየቀንም፤ እኛም አላነሣንበትም። ሊለየን ሲል የጠየቀን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ምዝገባ መቼ ነው የሚያልቀው?» አለን። ቀኑን ነገርነው። ያን ቀን ሲመጣ በክፍላችን በር ላይ ምን ዐይነት ፊት እንደሚያገኝ የምንወስነው እኛ ነን።