ባዶ እግርና ፕሬድኒሶሎን

የአሜሪካ ሊቃውንት ሉፐስ የተባለውን ደዌ በመዝገብ መቁጠር ከጀመሩ ወዲህ ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ፤ እርሱም በአንድ ደዌ የተያዙ፣ አንድ ዓይነት መድኃኒት የታዘዘላቸው ሁለት ሴቶች፣ አንዲቱ ነጭ ሁለተኛዪቱ ጥቁር ሲሆኑ፣ ጥቁሪቱ በሳንባ ምች፣ በደም መመረዝና ይህን በመሰለ ኢንፌክሽን ተይዛ ሆስፒታል መግባቷ ስለ ምን ይበዛል የሚል ነው። ይህ ጥያቄ ወደ እኛ፣ በአማራ ክልል ወዳለው ወደ አዊ ሲመጣ ግን መልኩን ይለውጣል፤ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ታማሚውም አስታማሚውም ሐኪሙም አንድ መልክ ያላቸው ናቸውና በቆዳ ቀለም የሚለይ ሰው የለም፤ ሆኖም በአፍሪካ የሉፐስን ሕሙማን ከሚገድሉት ምክንያቶች ኢንፌክሽን ከኩላሊት መድከም ጋር በግንባር የሚቆም ሆኖ ይገኛል። እንግዲያስ የቀለም ልዩነት በሌለበት ቦታም የኢንፌክሽኑ ዕዳ ካለ፣ ዕዳውን ያመጣው ቀለሙ አልነበረም ማለት ይሆናል።

ሉፐስ አካልን እንዲጠብቅ የተሾመው የመከላከል ኃይል ወዳጅንና ጠላትን መለየት ተስኖት በገዛ ጌታው ላይ ሰይፍ የሚመዝበት ደዌ ነው፤ ቆዳን፣ መገጣጠሚያን፣ ደምን፣ ኩላሊትን፣ አንዳንድ ጊዜም አንጎልን ያጠቃል፤ ከ10 ሕሙማንም 9ኙ ሴቶች ናቸው፣ ያውም በመውለጃ ዕድሜያቸው። እ.ኤ.አ. በ1948 የሜዮ ክሊኒኩ ሐኪም ፊሊፕ ሔንች ኮርቲሶንን ለአንዲት የቁርጥማት ሕመምተኛ በሰጠ ጊዜ አልጋ ላይ የዋለችው ሴት ተነሥታ መራመዷ ዓለምን አስደንቆ፣ በ1950 ከሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤልን ሽልማት አስገኝቶለታል። ከዚያው ወገን የሆነው ፕሬድኒሶሎን ዛሬ በአገራችን ዋጋው ድኻን የማያሸሽ ክኒን ሆኗል፤ ብዙ ነፍስም አድኗል። ነገር ግን የተቆጣውን ኃይል የሚያበርደው፣ ሊቆጣ የሚገባውንም አብሮ በማስተኛት ስለ ሆነ፣ መጠኑ በበዛና ዘመኑ በረዘመ ቁጥር ለጀርም በሩ እየሰፋ ይሄዳል።

እ.ኤ.አ. በ2015 ካንዲስ ፌልድማንና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካ ሜዲኬይድ በተባለው የድኾች የጤና ዋስትና የሚታከሙ 33,565 የሉፐስ ሕሙማንን መርምሮ፣ 100 ሕሙማን አንድ ዓመት ቢቆጠሩ ወደ 11 የሚጠጋ ብርቱ ኢንፌክሽን እንደሚደርስባቸው፣ ኩላሊታቸው በተነካባቸው ላይ ግን ቁጥሩ ወደ 24 እንደሚወጣ አስረድቷል። በዚያው ጥናት ጥቁሮቹ ከነጮቹ ይልቅ በ14 በመቶ ያህል ይበልጥ ሲያዙ፣ ፕሬድኒሶሎንን የመሰለ ስቴሮይድ የሚወስዱት ከማይወስዱት በ51 በመቶ ያህል በልጠው ተገኝተዋል፤ ሃይድሮክሲክሎሮኪን የተባለውን ሌላ የሉፐስ መድኃኒት የሚወስዱት ግን አደጋቸው ከሩብ በላይ ቀንሷል። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ፤ እነዚያ ሕሙማን ነጩም ጥቁሩም ቀድሞውኑ በድኽነት አንድ የሆኑ ነበሩ፤ ድኽነት እኩል ባደረጋቸው ሰዎች መካከል የቀለም ልዩነት ከክኒን ልዩነት ያነሰ ሆኖ መገኘቱ ለእኔ አይደንቀኝም። ጥቁሮችን፣ የላቲን አሜሪካ ትውልድ ያላቸውንና ነጮችን ለብዙ ዓመታት የተከታተለው ሉሚና የተባለው ጥናትም እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ጽሑፍ፣ በሕሙማኑ ሞት መካከል የታየውን ልዩነት ያመጣው ዘር ሳይሆን ድኽነት ነው ብሎ ነበር።

ይህን ስል የትውልድ ደም ፈጽሞ ድርሻ የለውም ማለቴ አይደለም። አፖኤል1 የተባለ የዘረመል ልዩነት በምዕራብ አፍሪካ ትውልድ ባላቸው ሰዎች ዘንድ በብዛት ይገኛል፤ በሉፐስ የተነካ ኩላሊትንም ወደ ፍጹም ድካም ያፋጥናል። ነገር ግን ዶሮን ቤሃርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት ከልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ሕዝቦች በተወሰደ ናሙና ይህንን ልዩነት ፈልገው አላገኙትም። ከዚህ ተነሥታ ወደ ዋሽንግተን የሄደች የአገው ልጅ በዚያ በሆስፒታሉ ቅጽ ላይ «ጥቁር» በሚለው ሣጥን ውስጥ ትጻፋለች፤ ያ ሣጥን ግን ስለ ኩላሊቷ የሚናገረው አንዳች እውነት የለውም። ሣጥኑ ምን ያህል ደመወዝ እንዳላት፣ ስንት ሰዓት ቆማ እንደምትሠራ፣ ሐኪሙ ሕመሟን አምኖ እንደሚሰማት ግን በተዘዋዋሪ ይናገር ይሆናል።

አሁን ወደ አዊ፣ ወደ ባንጃ ደጋ እንመለስ። ፊቷ ላይ በአፍንጫዋ ግራና ቀኝ ሽፍታ የወጣባት ወጣት ሴት፣ ከፀሐይ ስትገባ የሚብስባት ስለ ሆነ፣ ቤተሰቦቿ ምች መታት ብለው ዳማ ከሴ አሽተው ያሸትቷታል፤ ፀሐይ የጎዳት መሆኑን ማስተዋላቸው እንኳ ከብዙ የሐኪም ማስታወሻ ይበልጣል፣ ሉፐስን ፀሐይ ያስቆጣዋልና። የሕክምና መጻሕፍት ሽፍታውን በነጭ ቆዳ ላይ ቀይ አድርገው ስለሚሥሉት፣ በጠይም ፊት ላይ ጠቆር ብሎ ሲታይ የሠለጠነ ዓይን እንኳ ሳይለየው ያልፋል። ከዚያ ጸበል፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ የወባና የታይፎይድ ምርመራ፣ ከዚያ «ሪህ ነው» መባል፤ በመጨረሻም ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ባሕር ዳር፣ ካልሆነም የዚህ ደዌ ልዩ ሐኪሞች በጣት ተቆጥረው ወደሚገኙባት አዲስ አበባ መሄድ ይመጣል፤ መንገዱ በጸጥታ ምክንያት በሚዘጋባቸው ወራት ደግሞ ያ ሁሉ ይቀራል። ሐኪሙ የፕሬድኒሶሎኑን ክኒን በድንገት እንዳታቋርጪ ብሎ በፈጣን አማርኛ የሰጠውን ምክር በአውንጊ ቋንቋ ብቻ የምትነጋገረው እናቷ ምን ያህል እንደ ያዘችው የሚጠይቅ ሰው ብዙ አላየሁም፤ የጎሣ ልዩነት በጤና ላይ የሚሠራው እንዲህ ባለ ትንሽ በር ነው ብዬ አስባለሁ።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ከእግሯ በታች ያለው ነው። እርጥብ በሆነው በዚህ አገር አፈር ላይ በባዶ እግሩ ያረሰ፣ ድንች የቆፈረ፣ ውሃ የቀዳ ሰው፣ ስትሮንጂሎይድስ የሚባል እንደ ክር የቀጠነ ትል በቆዳው ይገባበታል፤ ትሉ በደም ወደ ሳንባ፣ ከሳንባ ወደ አንጀት ደርሶ በዚያው እየተራባ ያለ ምልክት ብዙ አሥርት ዓመታት ሊኖር ይችላል። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ በ396 ተማሪዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ከአምስቱ በአንዱ፣ በትክክል በ20.7 በመቶው ላይ፣ ይህን ትል አግኝቷል፤ ያውም ብዙ ዘዴ ተደራርቦ ስለ ተመረመረ እንጂ፣ በየጤና ጣቢያው የሚሠራው ተራ የሰገራ ምርመራ አብዛኛውን ሳያገኘው ያልፋል። ጤነኛ ሰው ከትሉ ጋር ተቻችሎ ይኖራል። ፕሬድኒሶሎን የጀመረች ሉፐስ ያለባት ሴት ግን የሚከለክለው ኃይል ሲተኛላት ትሉ ያለ ልክ ይበዛል፤ እጮቹ የአንጀትን ግድግዳ እየበሱ የአንጀትን ባክቴሪያ ወደ ደም፣ ወደ ሳንባ፣ እስከ አንጎል ሽፋን ድረስ ተሸክመው ይሄዳሉ። ትኩሳቷንና የትንፋሿን ማጠር ያየ ሐኪም ሉፐሱ ተነሣባት ብሎ መጠኑን ቢጨምር፣ ለማዳን ብሎ ሞቷን ያፋጥናል። የተለመደው የትል ክኒን አልቤንዳዞልም ለዚህ ትል ደካማ ነው፤ የሚያሸንፈው አይቨርሜክቲን ነው።

ስለ ሳንባ ነቀርሳ ብዙ አልናገርም፤ ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ከባድ ሸክም አለባቸው ካላቸው አገሮች አንዷ መሆኗን ሁሉ ያውቃል፤ ስቴሮይድም የተኛውን ነቀርሳ እንደሚቀሰቅስ ሐኪም ሁሉ ተምሯል።

ሃይድሮክሲክሎሮኪን ግን ሌላ ነገር ነው። ደዌውን ያረጋጋል፣ ስቴሮይዱን ለመቀነስ ያስችላል፣ ከላይ እንዳየነውም ከኢንፌክሽን ይጋርዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ዓለም ኮቪድን ይፈውሳል ብሎ በተሻማበት ጊዜ የሉፐስ ሕሙማን መድኃኒታቸውን አጥተው በየአገሩ መንከራተታቸው የአደባባይ ምስጢር ነው። በእኛ አገር ፕሬድኒሶሎን በየቦታው እየተገኘ፣ እርሱን ቀናሽ የሆነው ይህ መድኃኒት በወረዳ ከተማ ሲጠፋ፣ ሕመምተኛዪቱ አደጋውን ብቻዋን ትወስዳለች። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ የጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሰውን ከሐኪም ደጃፍ አድርሷል፤ ነገር ግን በመጋዘን የሌለ መድኃኒት በመድን ካርድ አይገኝም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ፣ ከትምህርት ቤት ልጆች 5 በመቶው ስትሮንጂሎይድስ ባለበት አገር 5 ዓመት ለሞላውና ከዚያ በላይ ለሆነ ሕዝብ ሁሉ አይቨርሜክቲን በየዓመቱ ይሰጥ ብሏል፤ ከላይ የተነገረው ቁጥር ከዚህ አራት እጥፍ ያህል ነው። ክኒኑ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከእንጅባራ በቻግኒ በኩል ወደ መተከል ቆላ ሲወረድ በወንዝ ዳር ዝንብ ለሚመጣው ዕውርነት በነጻ ይታደላል፤ በ2008 ዓ.ም. ድርቅም በአማራ ክልል እከክ በተነሣ ጊዜ ታድሏል። በደጋው ግን ለወራት ፕሬድኒሶሎን የሚታዘዝለት ሰው፣ ሉፐስ ይኑርበት ወይም አስም ወይም ሌላ፣ አስቀድሞ ይህን ክኒን እንዲውጥና ስለ ሳል እንዲጠየቅ የሚያዝ አንድ መስመር በዳንግላና በእንጅባራ ሆስፒታሎች ማዘዣ ላይ ቢታከል፣ ልዩ ሐኪም ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መጠበቅ አያሻም፤ ለዚህም ከክልሉ ጤና ቢሮ የሚፈለገው ክኒኑ ወደ ደጋው መጋዘን እንዲደርስ የሚያደርግ ደብዳቤ ነው።