የመጋዙ ገመድ ሲከብድ ጉልበት አይጨመር

ከዳባት እስከ ደባርቅ ባለው ደጋና በሰሜን ተራሮች ግርጌ ባሕር ዛፍ የገበሬው የቤት ማገር፣ የማገዶና የጥሬ ገንዘብ ምንጭ ነው። ዛፉ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገር ከገባ ወዲህ ቆረጣው የምሳር ሥራ ሆኖ ቢቆይም፣ የሞተር መጋዝ ሥራውን አቅልሎታል። ይሁን እንጂ በጋራ የተገዛ መጋዝ ሲበላሽ የአንዱ ጥፋት የሁሉም ኪሳራ ይሆናል። የገበሬ ማኅበር መሪዎችም መሣሪያውን እንደ እህል ጎተራ ሊቆጣጠሩት ይገባል።

ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከማስነሻ ገመዱ ነው። በውርጭ ጠዋት ገመዱ አልሳብ ሲል ጉልበተኛ ወጣት ይጠራል፤ እርሱም በኃይል ይጎትታል። በዚህ ጊዜ ገመዱ ይበጠሳል፣ ሞላው ይሰበራል ወይም የውስጡ ጉዳት ይብሳል። ስለሆነም ከመጎተት በፊት ምክንያቱን መፈለግ ይቀድማል።

ለምርመራው የካንዴላ ቁልፍና ካቻቢቴ ይበቃሉ። በአንዳንድ ትልልቅ መጋዞች ላይ የሲሊንደሩን ግፊት የሚያቀል መጫኛ ስላለ፣ በቅድሚያ እርሱ መጫኑ ይታይ። ቀጥሎ ማብሪያው ተዘግቶ ካንዴላው ይፈታና ገመዱ በቀስታ ይሳብ። ገመዱ ከቀለለና ካንዴላው ከረጠበ፣ ሲሊንደሩ ቤንዚን ጠጥቷል ማለት ነው። ቀዳዳው ወደ ሰው ሳይዞር፣ እሳትና ሲጋራም ሳይቀርብ ደጋግሞ በመሳብ ቤንዚኑ ይወጣል፤ ካንዴላውም ደርቆ ይመለሳል።

ካንዴላው ወጥቶም ገመዱ ከከበደ የማስነሻው ክዳን ተፈትቶ ለብቻው ይሞከር። እርሱ ራሱ ከከበደ ጥፋቱ በገመዱ፣ በሞላው ወይም በገባው ሰጋቱራ ነው። የተጠቀለለው ሞላ ተስፈንጥሮ ዓይን ሊያጠፋ ስለሚችል ያልለመደ ሰው አይንካው። ክዳኑ ቀሎ ሞተሩ በእጅ አልዞር ካለ ግን ፒስተኑ ተፋፍቆ ሊሆን ይችላልና ወደ መካኒክ ይወሰድ።

ለዚህ አካባቢ የተለየ ጉዳይም አለ። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሰባት አሥረኛ ያህል ነው። ራሱን የማያስተካክል ካርቡራቶር ለቆላ ተስተካክሎ ከመጣ በደጋው ቤንዚኑ ከአየሩ ይበዛል፤ ቾኩም ከልክ በላይ ሲቆይ ሞተሩ ቤንዚን ይጠጣል። ተቃራኒው የባሰ ነው። ለደጋ የተስተካከለ መጋዝ በሊማሊሞ ቁልቁል ወርዶ በአዲአርቃይ ቆላ ቢሠራበት ቤንዚኑ ያንሰዋል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ፒስተኑም ይነክሳል። ስለዚህ መጋዝ የሚዋዋሱ ማኅበራት ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ያስመርምሩት።

የዘይቱ ልክም ቸል ሊባል አይገባም። የፋብሪካው መመሪያ 1 ለ 50 የሚል ከሆነ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር የሁለት ምት ሞተር ዘይት ይጨመራል። ዘይት የሌለበት ቤንዚን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ፒስተኑን ይፈጀዋል፤ ያን ጊዜ ገመዱ ለማንም ጉልበት አይበገርም።

መጋዙ ለሁሉም እጅ ክፍት ካልሆነ የጋራ አይባልም የሚሉ አሉ። ሐሳቡ ከቅንነት ቢመነጭም ንብረቱን አያድነውም። ንብረቱ የሁሉም፣ ኃላፊነቱ ግን የታወቀ ሰው መሆን አለበት። ማኅበሩ የሠለጠኑ ሁለት ሰዎችን ይመድብ፤ ቤንዚኑ የተቀላቀለበትንና መጋዙ የወጣበትን ቀን በመዝገብ ያስፍር፤ ከሥራው ገቢም ለጥገና የሚሆን ድርሻ ያስቀምጥ።

መዝገቡ መጋዙ የት እንደዋለም ያሳያል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ዝርዝር ገብቶ፣ የወጣው በ2017 ነው። ማኅበሩ መጋዙን ለተተከለ ባሕር ዛፍ ያውል እንጂ በፓርኩ ጥድና አስታ ላይ እንዲነሳ አይፍቀድ።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ቆረጣው ከመጀመሩ በፊት በሚደረገው ስብሰባ ኃላፊዎቹ ይሰየሙ፣ መዝገቡም ይከፈት። ገመዱ ከተበጠሰ በኋላ የሚደረግ ስብሰባ ጥፋተኛ ከመፈለግ አያልፍም።