ሁለት ማርኬን መልሱ

ፍሬሽ ሳለሁ የሶሲዮሎጂ ሚድ ላይ አንድ ጥያቄ ወጣ፦ «ከሚከተሉት ውስጥ የሜካኒካል ሶሊዳሪቲ ምሳሌ የቱ ነው?» ፋብሪካ፣ ባንክ፣ ሆስፒታል፣ እድር። መልሱ እድር ነው፤ ሃንድአውቱ ላይ ቁጭ ብሏል። እኔ ግን ከጥያቄው ግርጌ ሦስት መስመር ክርክር ጻፍኩ። ወረቀቱ ሲመለስ ክርክሬ ላይ ቀይ ኤክስ ተጋድሞበታል። ቢሮው ድረስ ሄጄ ብጠይቅ መምህሩ ቀና እንኳ ሳይል «ሃንድአውቱን አንብብ» አለኝ። ይኸው ስንት ዓመቱ፣ ንዴቱ አልበረደልኝም።

እናቴ የእድር ጸሐፊ ነበረች። መዝገቡን አውቀዋለሁ፤ በአንድ በኩል የወር መዋጮ፣ በሌላው ቅጣት። ባለሱቁ፣ ጡረተኛው ወታደር፣ ነርሷ፣ ልብስ ሰፊው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለበት። የትውልድ አገራቸው ለየቅል፣ ሥራቸው ለየቅል። ያገናኛቸው ሰፈርና ሞት ነው። ዳኛ አላቸው፣ ገንዘብ ያዥ አላቸው፣ ማኅተም ያረፈበት መተዳደሪያ ደንብ አላቸው።

አሁን ኤሚል ዱርኬምን አምጡልኝ። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1893 ስለ ሥራ ክፍፍል ባሳተመው መጽሐፍ ሜካኒካል ያለው፣ ሰዎች ስለተመሳሰሉና አንድ ዓይነት ነገር ስለሚያምኑ የሚተሳሰሩበትን ነው። ኦርጋኒክ ያለው ደግሞ ሥራ ተከፋፍለው አንዱ ያለሌላው መኖር ስለማይችል የሚተሳሰሩበትን። መተሳሰር በዓይን አይታይምና በሕግ እንለካው አለ። ጥፋተኛውን ለማሳመም የሚቀጣው ሕግ ወደ ሜካኒካሉ፣ የተጓደለውን ለማስተካከል የሚያስከፍለው ወደ ኦርጋኒኩ ይጠቁማል።

እስቲ የእናቴን መዝገብ በዚህ ለኩት። ቀብር የቀረ ሰው ይቀጣል። ብሩ ሣጥን ገብቶ ወንበርና ድስት ይገዛበታል፤ ማካካሻ ነው በሉ። ደጋግሞ የቀረውን ሰውዬ ግን ቅጣቱን ከፍሎም ቢሆን ሰፈሩ ፊት ይነሳዋል። ይህስ? ደግሞ እድርን የጥንት ገጠር ቅሪት አድርጎ ማስተማር ከየት የመጣ ስንፍና ነው? እድር የተስፋፋው በ20ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከተማ ውስጥ ነው፤ ከየአገሩ መጥቶ «ማን ይቀብረኛል?» ያለ ሰው ያደራጀው። ደቦ ብትሉኝ ዝም ባልኩ!

ዱርኬም ራሱ ቢመጣ መዝገቡን ሲያገላብጥ ያድር ነበር እንጂ ኤክስ አያሰምርበትም። ራስን ስለማጥፋት ለጻፈው የ1897 መጽሐፍ የእህቱ ልጅ ማርሴል ሞስ ወደ 26,000 የሚሆኑ የሟቾች መዝገቦችን ለይቶ ቆጥሮለታል። የእኛ ተማሪ ከዚያ ሁሉ ቆጠራ የሚደርሰው አራት የራስ ማጥፋት ዓይነት ስም ነው። ቸክሎ ይገባል፣ ተፍቶ ይወጣል።

«የሶሲዮሎጂ አባት ማን ነው?» ኮምት፣ ማርክ ተሰጠ። ስሙን ያወጣው እሱ መሆኑ እውነት ነው። ግን ኢብን ኻልዱን በ1377 ሙቀዲማን ሲጽፍ ኮምት በአያት ቅድመ አያቱ ሐሳብ ውስጥም አልነበረም። ባለስድስት ቅጹን የኮምትን ድርሳን በ1853 በሁለት ቅጽ አሳጥራ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰችው ሃሪየት ማርቲኖስ? እናት የሌለው ትምህርት መቼም ጉድ ነው።

ዱ ቦይስን ደግሞ የሚያነሳው የለም። ፊላደልፊያ ውስጥ በጥቁሮች ሰፈር ቤት ተከራይቶ፣ በር እያንኳኳ ስንት ሰው በስንት ክፍል እንደሚኖር፣ ምን ሠርቶ እንደሚበላ ጠየቀ፤ መጽሐፉ በ1899 ወጣ። ይህን የሰማ ፍሬሽ ደብተሩን ይዞ ሰፈር ይወርድ ነበር። የእኛው ላውንጅ ቁጭ ብሎ የዱርኬምን የልደት ዓመት ያሰምርበታል።

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ለፋይናል ሲያጠና አገኘሁት። «እድር ምንድን ነው?» አልኩት።

«ሜካኒካል» አለ፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ። የኮንዶሚኒየማቸው እድር በቴሌግራም ለቅሶ አስታውቋል። ሾርት ኖቱን አጥፎ ተነሳ። «ድንኳን ተካዩ እኔ ነኝ፤ ከቀረሁ አባዬን መቶ ብር ይቀጡታል።»

«ማን ነው የሚቀጣው? ብሩስ የት ይገባል?» አልኩት።

«እኔ ምን አውቃለሁ!» አለና ደረጃውን ወረደ።